ድሃው ልጅ በራሱ ነው ያደገው? «ኬን ኤንድ ኤብል»ን ያነበባችሁ ኑ

የሌሊት አንባቢ

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጄፍሪ አርቸርን «ኬን ኤንድ ኤብል» የተባለ ልብ ወለድ ጨረስኩ። እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሳነበው ሁለተኛዬ ነው። የጨረስኩት ግን ገና አሁን ነው። እንዴት ብትሉ፣ ልንገራችሁ።

አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ አራት ኪሎ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጉት አንዱ ጋ አገኘሁት። ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ወረቀቱ ወይቧል። ተከራክሬ ገዛሁት። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ክረምቱን ሙሉ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ኒው ዮርክ፣ አምስተኛው ጎዳና ላይ ይተያያሉ። ዕድሜ ልካቸውን የተጣሉ ሰዎች ናቸው። አይነጋገሩም። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ። ገጹን ገለጥኩ። የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ተቀድዷል።

እኔም ታሪኩ እዚያ ያበቃል ብዬ ተቀበልኩት። ለዓመታት ለሰው ስተርክ «በባርኔጣ ሰላምታ ነው የሚያልቀው» እያልኩ ነው የኖርኩት። ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ሙሉውን አመጣልኝ። ሳነበው የቀደመው ንባቤ በሙሉ ተገለባበጠ።

ያላነበባችሁ ወገኖች ከዚህ ተመለሱ። መጨረሻውን አንስተን ነው የምናወራው። አንብባችሁ ኑ፣ የውይይቱ ክር የትም አይሄድም።

ላነበባችሁት ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ኤፕሪል 18 ቀን 1906 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንዶች ይወለዳሉ። አንዱ ቦስተን ውስጥ፣ የባንክ ባለቤት ልጅ፣ ዊልያም ኬን። ሌላው ስሎኒም አካባቢ ጫካ ውስጥ፣ እናቱ ወልዳው የሞተች፣ አውሬ እያጠመደ የሚኖር ድሃ ቤተሰብ አንስቶ ያሳደገው፣ ቭላዴክ። ይህ ቭላዴክ ነው በኋላ አሜሪካ ገብቶ አቤል ሮስኖቭስኪ የሚባለው፣ ከአስተናጋጅነት ተነስቶ የሆቴሎች ጌታ የሚሆነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ የአቤል አሠሪ፣ የሆቴሎቹ ባለቤት ዴቪስ ሌሮይ ይከስራል፣ ራሱን ያጠፋል። አቤል ሆቴሎቹን ለማትረፍ የኬን ባንክ ድረስ ሄዶ ይለምናል። ኬን እንቢ ይለዋል። ቂሙ እዚያ ይጀምራል። ከዚያ ስሙ የማይታወቅ አንድ ሰው ገንዘብ አቅርቦ ሆቴሎቹን ያተርፋል። አቤል ይህ ሰው የቺካጎው ሆቴል ባለቤት ዴቪድ ማክስተን ነው ብሎ ያምናል። እኔም አብሬው አመንኩ፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው በተቀደደው ገጽ ላይ ነው። ኬን ከሞተ በኋላ ከባንክ ባለሙያው ከከርቲስ ፌንተን ደብዳቤ ይመጣል። ያ ሰው ራሱ ዊልያም ኬን ነበር። ባንኩ እንቢ ሲል ከገዛ ኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ማንነቱ እንዳይነገርም ቃል አስገባ።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህን መጽሐፍ ሁሉም «በራሱ ጥረት ያደገ ድሃ ልጅ» ይለዋል። እናንተስ እንደዚያ ታነቡታላችሁ? እኔ ከትናንት ወዲህ አልቻልኩም።

አቦል ቡና

ወንድሜ፣ የተቀደደው ገጽ አንጀቴን በላው። ስንት ዓመት ሙሉ!

በጥያቄህ ግን አልስማማም። አቤል በራሱ ነው ያደገው። ፕላዛ ሆቴል ውስጥ ሳህን እየተሸከመ፣ ባለገንዘቦቹ ምሳ እየበሉ ስለ አክሲዮን የሚያወሩትን ጆሮውን ጥሎ የሰማው ማን ነው? ከሥራ በኋላ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የተማረው ማን ነው? ኬን ገንዘቡን የሰጠው አቤል ማን እንደሆነ ስላየ ነው። ለሰነፍ ማንም አያበድርም። ብድር ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው፣ ምጽዋት አይደለም።

መምህርት ከደሴ

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ይህን መጽሐፍ የምወደው ለመጀመሪያው ክፍል ነው፣ ለፖላንዱ። ብዙ ሰው አሜሪካ እስኪገባ እየቸኮለ ያልፈዋል። እኔ ግን ያንን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ቭላዴክ ሲወለድ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ የለችም። እ.ኤ.አ. በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለዋታል። እንደ አገር የተመለሰችው በ1918 ነው። ስሎኒም በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፣ ዛሬ ደግሞ ቤላሩስ ውስጥ ናት። ይህን ሳያውቁ ሲያነቡት የባሮኑ ነገር ግራ ያጋባል። ቭላዴክን ወደ ቤቱ ያስጠጋው መኳንንት ባሮን ሮስኖቭስኪ ቤተ መንግሥት የመሰለ ግንብ ያለው፣ አገልጋይ የሞላው ሰው ነው፤ አገር ግን የለውም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በገዛ ግንቡ ምድር ቤት የሚታሰረው። ድሃው ልጅና ጌታው አንድ ጨለማ ውስጥ ይገባሉ።

ያችን ምድር ቤት አስታውሷት። ብርሃን የለም። ሰው በየጊዜው ይሞታል። ባሮኑ ግን ቭላዴክን ማስተማሩን አላቆመም። ሊሞት ሲል ከእጁ ላይ የብር አምባሩን አውልቆ ለቭላዴክ ሰጠው። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ለዚያች ቦታ ነው ያለቀስኩት። ዕቃው ትንሽ ነው፣ የሚሰጥበት ቦታ ነው ትልቅ ያደረገው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ቭላዴክ ለካ የባሮኑ ልጅ ነው። በሰውነታቸው ላይ ባለው ምልክት ይታወቃል። ደራሲው ለምን ይህን አስፈለገው? የድሃ ልጅ ድሃ ሆኖ ቢያድግ ምን ይጎድል ነበር? በእኛም ተረት እንዲሁ ነው፤ እረኛው መጨረሻ ላይ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ያኔ ድካሙ ሁሉ በደም ይመካኛል። እኔ ይህን አልወድም። የሚያጠምደው ሰውዬ ቤት ያደገው ልጅ ይበቃኝ ነበር።

የሌሊት አንባቢ

መምህርት፣ እንኳን መጡልን። ስለ ደሙ የነገሩን ልክ ነው። ግን ይዩልኝ፤ አቤል ባሕርዩን ያገኘው ከደሙ ነው ብሎ ደራሲው የትም አይነግረንም። ያገኘው ከትምህርቱ ነው። ቋንቋውን፣ ሒሳቡን፣ ሰው ፊት መቆሙን ያገኘው እዚያ ግንብ ውስጥ ነው። ባሮኑ አባቱ ባይሆንም ያስተምረው ነበር። ማስተማር ሲጀምር የራሱ ልጅ መሆኑን አላወቀማ።

የማታ ፈረቃ

ከቨርጂኒያ ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሆቴል ስሠራ አስራ አራት ዓመቴ ነው። በሃውስ ኪፒንግ (ክፍል ጽዳት) ጀመርኩ፣ ከዚያ ላውንድሪ (ልብስ ማጠቢያ)፣ ዛሬ ባንኬት (የግብዣ መስተንግዶ) ነኝ። ይህን መጽሐፍ በእረፍት ሰዓቴ፣ ምድር ቤት ባለው የሠራተኞች መመገቢያ ነው ያነበብኩት።

ስለ ሆቴል የጻፈው ያውቃል። አቤል ቺካጎ ሪችመንድ ሆቴል ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሌብነቱን ነው። ሥራ አስኪያጁ ዴዝመንድ ፔሲ ለዓመታት ይመዘብራል፣ ከሥሩ ያለውም እንዲሁ። ሆቴል ውስጥ የቆየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሆቴል በትልቅ ነገር አይከስርም። በፎጣ ይከስራል፣ በማንኪያ፣ በተከፈተ ጠርሙስ። እኔ ላውንድሪ እያለሁ ማታ ማታ ፎጣ እንቆጥር ነበር። ትልቁ፣ መካከለኛው፣ የፊት ፎጣው፣ የእግር ምንጣፉ። ቁጥሩ ካልገጠመ እንደገና ከሥር። አንዲት ያገሬ ልጅ ነበረች፣ ፎጣውን በእጇ ሳትነካ ከቁልሉ ከፍታ ብቻ ስንት እንደሆነ ትነግርሽ ነበር። ዛሬ የአንድ ሙሉ ሆቴል ሃውስ ኪፒንግ ኃላፊ ናት። አቤልን ሳነብ እሷን ነው ያየሁት።

በነገራችን ላይ፣ በልቦለዱ ማክስተን የሚመራው ስቲቨንስ ሆቴል እውነተኛ ነው። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 ተከፈተ፣ ሦስት ሺህ ክፍል ነበረው፣ በዘመኑ የዓለም ትልቁ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ባለቤቶቹን ጣላቸው። በ1945 ኮንራድ ሂልተን ገዛው። አቤል በአስተናጋጅነት የጀመረበትን ፕላዛንም ሂልተን በ1943 ገዝቶት ነበር። ይህ ሰው ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1919 ሲስኮ የምትባል የቴክሳስ ከተማ ባንክ ሊገዛ ሄዶ፣ ባንኩ ሳይሳካ ሲቀር ያደረበትን ሆቴል ገዛ። የእኛው አዲስ አበባ ሂልተን በ1969 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ስሙ ከዚያ ነው የመጣው።

ለጥያቄህ፣ የሌሊት አንባቢ። አቤል በራሱ አላደገም። እኔም በራሴ አላደግኩም። መጀመሪያ በገባሁበት ሆቴል፣ ስሙ ይቅር፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቴን እየቀነሰ ይጽፍብኝ ነበር። ቋንቋውን ስላልቻልኩ ዝም አልኩ። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት ወረቀቴን ከእጄ ወስዳ፣ ቢሮ ገብታ የተከራከረችልኝ። እንግሊዝኛዋ ከእኔ የተሻለ አልነበረም። ገንዘቤ ተመለሰ። እሷ ያን ሳምንት ሺፍቷ ተቀነሰ። እስከ ዛሬ ስሟን በጸሎቴ እጠራለሁ።

አቦል ቡና

የማታ ፈረቃ፣ እህቴ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ የመጀመሪያውን መልሴን ማጥፋት አሰኘኝ። አላጠፋውም፤ ክርክሩ ይታይ። ግን ልቤ ትንሽ ተንቀሳቅሷል።

ሰብለ ዘ አዳማ

እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ሁላችሁም ስለ አቤል ብቻ ታወራላችሁ። የቤተሰብ ታሪክ ነው ካልን ሴቶቹስ? ዛፊያን አስታውሷት። በመርከቡ ላይ አብራው የመጣች፣ በኋላ ያገባት። በባዶ እጁ ያወቀችው እሷ ናት። ሲያገኝ ተዋት። ደራሲው ስለ እሷ የሚጽፈው ትንሽ ነው፣ ያም ቅር ይለኛል።

ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ሰው ልጃቸው ፍሎረንቲና ናት። የአባቷን ሀብት ደብቃ፣ ስሟን ለውጣ ብሉሚንግዴል መደብር ሻጭ ሆና ትቀጠራለች። ንግድ ከሥር ልማር ብላ። እዚያ ሪቻርድ ይመጣል፣ ጓንት ይገዛል። ይሄዳል። ተመልሶ ጓንት ይገዛል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ጓንት። አንድ ሰው ስንት እጅ አለው? ሊያያት ነው የሚመጣው። ያ ሪቻርድ የኬን ልጅ ነው። የሁለት ጠላቶች ልጆች ሳይተዋወቁ በጓንት ተዋደዱ። ይህን ክፍል ከእህቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ሆነን፣ እየተቀባበልን ጮክ ብለን ነው ያነበብነው። ጓንቱ በመጣ ቁጥር እህቴ እጄን ቆንጠጥ ታደርገኝ ነበር።

ሁለቱም አባቶች ሲከለክሏቸው ሁሉንም ጥለው ሳን ፍራንሲስኮ ሄዱ። ከአባቷ አንድ ሳንቲም ሳትቀበል ልብስ ቤት ከፈተች። በራሱ ጥረት ያደገ ሰው ከፈለጋችሁ እሷን ውሰዱ።

የሌሊት አንባቢ

ሰብለ፣ ልክ ነሽ። እኔ የምኮራበት የባርኔጣ ሰላምታ ራሱ በእሷ ሱቅ ምክንያት የመጣ ነው። አምስተኛው ጎዳና ላይ ሱቋን ስትከፍት ሁለቱም አባቶች ከሩቅ ሊያዩ መጡ። ማንም ማንንም አልጋበዘም። አንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። እሷ ባትኖር ሁለቱ ሽማግሌዎች አይን ለአይን አይተያዩም ነበር።

ልጅ ከጎንደር

ስለ ስሙ ማንም አላነሳም እኮ። በእንግሊዝኛ የመጽሐፉ ርዕስ ሲነበብ የዘፍጥረቱ ቃየንና አቤል ነው የሚሰማው። ኬን የሚለው የቤተሰብ ስም ከቃየን ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ይሰበራል። «ኬን» ስንል ማንም ቃየን ትዝ አይለውም። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ቢመልሰው ርዕሱን ምን ይለዋል? «ቃየንና አቤል» ቢል ወንድም ገዳይ እንጠብቃለን።

እኔ በዚህ ምክንያት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው በስጋት ነው ያነበብኩት። ኬን አቤልን መቼ ይገድለዋል እያልኩ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ አቤል ማን እንደሆነ ሳያውቅ የቆሰለ መኮንን ያድናል። ኬን ነበር። ኬን ደግሞ ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ አቤልን ከኪሳራ አድኗል። ሁለቱም አዳኛቸውን ሳያውቁ ሲጠሉት ኖሩ። «የወንድምህ ጠባቂ» የሚለውን ቃል እንደዚህ የጻፈው ሰው አላየሁም።

ቁምነገር ፈላጊ

ስለ ደራሲውም አንድ ነገር። አርቸር የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር። ገንዘቡን ያስቀመጠበት ድርጅት ሲወድቅ ዕዳ ውስጥ ገባ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በጥቅምቱ ምርጫ ሳይወዳደር ወጣ። ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረው ከዚያ ነው። «ኬን ኤንድ ኤብል» በ1979 ታተመ። በሠላሳ ዓመቱ፣ በ2009፣ ራሱ እንደገና አርሞ አሳተመው። የሌሮይን ውድቀት ሳነብ ሁሌ ይህ ይታወሰኛል። ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚለምን ሰው ምን እንደሚሰማው ከሩቅ አይደለም የጻፈው።

ተከታዩ «ዘ ፕሮዲጋል ዶተር» የፍሎረንቲና ታሪክ ነው። ሰብለ፣ ካላነበብሽው ያንቺ መጽሐፍ እሱ ነው።

የናታንያ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእስራኤል ነው የምጽፈው። አማርኛ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። ይህን ክር ትናንት አገኘሁት፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አባቴ በ1984 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ገጠር በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ ከዚያ ነው እዚህ የመጣው። ስለ መንገዱ አያወራም። በዓል ላይ ሌሎች ሲያወሩ እሱ ተነስቶ ሻይ ያፈላል። ልጆች ሆነን እንጠይቀው ነበር፣ በኋላ ተውነው።

መጽሐፉን በዕብራይስጥ ነው ያነበብኩት። ቭላዴክ ከሳይቤሪያ የእስረኞች ካምፕ አምልጦ በሞስኮ፣ በኦዴሳ፣ እስከ ቱርክ የሚሄድበት ክፍል አለ። ገና ልጅ ነው። እግሩ ተጎድቷል፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ያንን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። እሱም ቀኝ እግሩን ይጎትታል። አንድ ቀን ማታ አጠገቡ ተቀምጬ ምዕራፉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ብዙ ቃል ጠፋኝ። እሱ እየሞላልኝ ቀጠልን። «ባቡር ላይ ሰው ሲደበቅ ምን ይባላል?» ስለው፣ «ተሸሽጎ ሄደ በይ» አለኝ።

ጨርሼ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ውሃ የሰጠው ማን ነው?»

ተመልሼ ፈለግኩለት። ባቡሩ ላይ የደበቀችው ሴት አለች፣ የምታውቀው ልጅ አልነበረም። ቱርክ ውስጥ ርቦት ፍራፍሬ ሰርቆ እጁ ሊቆረጥ ሲል ያስጣሉት የውጭ ሰዎች አሉ። አንድ በአንድ ነገርኩት። «እህ» እያለ ሰማኝ። ከዚያ እሱ ጀመረ። በመንገድ ላይ ቅል ይዛ የወጣች አንዲት ሴት፣ ሌሊት፣ ውሾቿን እየተቆጣች፣ ለእሱና ለታናሽ እህቱ ውሃ ያጠጣች። ስሟን አያውቅም። ፊቷን በጨለማ አላየውም። ቅሉ አፉ ላይ የተሰነጠቀና በጅማት የተሰፋ እንደነበር ግን ያስታውሳል፤ ከንፈሩን ነክቶታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት።

የሌሊት አንባቢ፣ ጥያቄህን ሳይ ይህ ነው የመጣልኝ።

መምህርት ከደሴ

የእኔ ልጅ፣ ተባረኪ። አባትሽን እጅ ነሺልኝ። አማርኛሽ ምንም አልጎደለውም።

ስለ ደሙ ያነሳሁትን ቅሬታ አልተውኩትም። አሁን ግን የማነበው በአባትሽ ጥያቄ ነው። የአጥማጁ ሚስት ያንን የእናት አልባ ሕፃን ስታነሳ የራሷ ልጆች ሞልተውባት ነበር። ወተቱን ከየት አመጣችው? ደራሲው እዚያ ላይ ብዙም አልቆየም። እኔም ሦስት ጊዜ ሳነበው አላየሁትም።

የማታ ፈረቃ

ሺፍት ልገባ ነው፣ ዓይኔ ቀልቶ ነው የምገባው። የተሰፋውን ቅል አልረሳውም።

አቦል ቡና

የመጀመሪያ መልሴን በይፋ አነሳለሁ። አቤል ጎበዝ ነው፣ ሠርቷል። ግን ብቻውን አይደለም። ወንድሜ፣ ሙሉውን ቅጂ ለእኔ አውሰኝ፤ ያነበብኩት ከአስር ዓመት በፊት ነው፣ ያችን የባቡር ሴት ፈልጌ ላግኛት።

የሌሊት አንባቢ

ይምጣልህ፣ ቅዳሜ አራት ኪሎ እንገናኝ። የተቀደደውን ግን ለማንም አልሰጥም። የጎደሉትን ገጾች ትናንት ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ከኋላው ሰፋሁበት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አቤል ሁሉንም ለፍሎረንቲና ይተወዋል። የብሩን አምባር ብቻ ለልጅ ልጁ ያስቀምጣል፤ ስሙ ዊልያም አቤል ኬን ነው። ሁለቱም ስሞች አንድ ልጅ ላይ። አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ይህን ባነብ ምን እንደምሆን አላውቅም።

የናታንያ ልጅ፣ ለአባትሽ ቀጥይበታለሽ?

የናታንያ ልጅ

አዎ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ እያነበብን ነው። አሁን ሻይ አያፈላም፣ ቀድሞ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ትናንት መርከቡ ኒው ዮርክ ደረሰ። ስደተኞች በሚመዘገቡበት ኤሊስ ደሴት ላይ ተሰልፈዋል፣ ስም እየተጻፈ ነው። አባቴም እስራኤል ሲገባ መዝጋቢው ፀሐፊ ስሙን ቀይሮበት ነበርና እዚያ ላይ «ቆይ፣ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ዛሬ ማታ ፕላዛ እንገባለን።